አሲድ ማርከሻው ከጨጓራ መቼ ወጣ? በጨረራ መከታተያ የማጥናት ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ይህን ወሬ ሰምቷል፦ ግልገል ዓባይ ጣና ገብቶ፣ ከሐይቁ ውኃ ሳይደባለቅ፣ አቋርጦ ይወጣል ይባላል። ልጅ ሆኜ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ዳር ቆሜ ውኃውን እያየሁ "ይኼ የትኛው ነው? ከሰከላ የመጣው ነው ወይስ የሐይቁ?" እያልኩ እጨነቅ ነበር። በዓይን አይለይም። ለመለየት ከሚገባው ውኃ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ከእሱም የማይነጠል ምልክት ያስፈልጋል። ዛሬ የመድኃኒት ቅመማ አስተምራለሁ። ጥያቄው ያው ነው፤ ሐይቁ ጨጓራ፣ ወንዙ ደግሞ የአሲድ ማርከሻ ሽሮፕ ሆነ እንጂ።

መመሪያውን የጻፍኩት በፋርማሲ፣ በሕክምና ወይም በሜዲካል ፊዚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ለምትጀምሩ ነው። ሁሉንም ደረጃ እኩል አላብራራም። ብዙ ጥናት የሚበላሸው ጨረራ የሚቆጥረው ካሜራ ሥር ከመድረሱ በፊት፣ ጨረራ የሚያወጣው ምልክት መድኃኒቱ ላይ ሲጣበቅ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ጥያቄያችሁን ለዩ

አሲድ ማርከሻ በባዶ ሆድ ሲወሰድ የሚሠራው ከ20 እስከ 60 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ምግብ ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ግን እስከ ሦስት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ጨጓራው ነው። ባዶ ጨጓራ ፈሳሹን ወዲያው ወደ ትንሹ አንጀት ይለቀዋል፤ ምግብ ያለበት ጨጓራ ደግሞ ይዞ ያቆየዋል። ስለዚህ "ስንት ሚሊ ሊትር ይወሰድ?" ከሚለው ጥያቄ እኩል "ስንት ደቂቃ ይቆያል?" የሚለውም መመለስ አለበት። ማታ ጨጓራው ነዶበት ከፋርማሲ ሽሮፕ ገዝቶ በባዶ ሆዱ የሚጠጣ ሰው ለምን ቶሎ እንደሚመለስበት የሚገባን ያኔ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የመድኃኒታችሁን ዓይነት እወቁ። አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ የጨጓራን ጡንቻ ስለሚያላላ መውጣቱን ያዘገያል፤ ሆድም ያደርቃል። ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ሆድ ያላላል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ የሚቀላቀሉት አንዱ የሌላውን ጠባይ እንዲያርም ነው። ካልሲየም ካርቦኔት አሲድ ሲነካው ጋዝ እየለቀቀ ይሟሟል። አልጂኔት (ከባሕር አረም የሚወጣ) ያለበት ደግሞ ለብቻው ነው፦ አሲድ ሲያገኘው ይረጋል፣ ውስጡ የታመቀው ጋዝ ያነሣዋል፣ ከዚያም ከደንገል እንደተሠራ ታንኳ ከምግቡ በላይ ይንሳፈፋል። ታንኳው ከምግቡ ቀድሞ ይወጣል ወይስ ኋላ ይቀራል የሚለው ራሱን የቻለ ጥናት ነው።

መከታተያው

የጨጓራን መውጣት በጨረራ መለካት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ ግሪፊዝና ባልደረቦቹ ክሮሚየም-51ን ከምግብ ጋር ሰጥተው ነበር። ዛሬ የምንጠቀመው ቴክኒሺየም-99ኤም ነው። ግማሽ ዕድሜው (ጨረራው በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 6 ሰዓት ነው፤ የሚያወጣው የጋማ ጨረር 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ከሰውነት ወጥቶ ካሜራው ላይ ይደርሳል፤ የሚገኘውም ሞሊብዲነም-99 ካለበት፣ ጄኔሬተር ከሚባል ዕቃ፣ በሳላይን (በጨው ውኃ) እየታጠበ ነው። የሞሊብዲነሙ ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት በመሆኑ አንድ ጄኔሬተር ለሳምንት ያህል ያገለግላል።

ይህ 6 ሰዓት እኛን በቀጥታ ይነካናል። በአገራችን የኑክሌር ሕክምና ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከአዲስ አበባ የታጠበ ቴክኒሺየም በመኪና 10 ሰዓት ቢጓዝ ባሕር ዳር የሚደርሰው 31 በመቶው ብቻ ነው። በአውሮፕላን፣ የኤርፖርቱን ጊዜ ጨምሮ፣ በ3 ሰዓት ቢደርስ 71 በመቶው ይተርፋል። ከዚህ ሒሳብ ተነሥቼ የምመክረው ይህን ነው፦ የቅመማውን ልምምድ፣ የፈቃደኞችን ምዝገባና ጨረራ የሌለበትን ሙከራ ሁሉ ባሕር ዳር ጨርሱ፤ ፎቶውን ግን ጋማ ካሜራና ጄኔሬተር በአንድ ግቢ ባሉበት ቦታ አንሡ። የጨረራ ሥራ ፈቃድና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውሳኔ ሁለቱም በእጃችሁ ሳይገቡ አንዲት ጠብታ አትክፈቱ።

ምልክቱን መድኃኒቱ ላይ ማጣበቅ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ካሜራው መድኃኒት አያይም፤ የሚያየው ቴክኒሺየምን ብቻ ነው። ቴክኒሺየሙ ከመድኃኒቱ ተላቆ ከሄደ፣ ጨጓራ ውስጥ የቀረውን በየደቂቃው የሚያሳየው የሚያምር ኩርባ የሌላ ነገር ታሪክ ይሆናል።

ቴክኒሺየሙ ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ፐርቴክኔቴት በሚባል መልክ ነው፤ ይህ እንዳለ ሽሮፑ ውስጥ ቢጨመር በዱቄቱ ላይ አይያዝም። በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀርና ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። ከዚያ የሚያደርገው ነገር ነው ጉዱ፦ የጨጓራ ግድግዳ ከደም ለቅሞ መልሶ ወደ ጨጓራ ያመነጨዋል። መድኃኒቱ ከወጣ ቆይቶ ሳለ ካሜራው ላይ ጨጓራው እንደበራ ይቆያል። የእንቅርት ዕጢና የምራቅ ዕጢዎችም ይለቅሙታል።

ሥልጠና ላይ በነበርኩበት አንድ ላቦራቶሪ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ኩርባው እስከ 40ኛው ደቂቃ ቁልቁል ወረደ፣ ከዚያ ቀጥ አለ፣ በኋላም ትንሽ ሽቅብ አለ። ሁላችንም "አልሙኒየሙ ጨጓራውን አዘገየው" ብለን ልንጽፍ ተዘጋጅተን ነበር። አንዲት ቴክኒሺያን ካሜራውን ወደ አንገት ከፍ አደረገችና አንድ ደቂቃ ቆጠረች። ስክሪኑ ላይ ክንፎቿን የዘረጋች ቢራቢሮ የመሰለች የእንቅርት ዕጢ ብቅ አለች። ምልክቱ ተላቅቆ ነበር። የሁለት ሳምንት ሥራ በዚያች አንድ ደቂቃ ወደቀ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ የአንገት ፎቶ ሳላነሣ ማንንም ከአልጋ አስነሥቼ አላውቅም።

አጣባቂው ስታነስ ክሎራይድ (የቆርቆሮ ጨው) ነው። ፐርቴክኔቴቱን ዝቅ ወዳለ የኦክሲዴሽን ደረጃ ያወርደዋል፤ ያኔ ቴክኒሺየሙ በአልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ቅንጣቶች ላይ ይያዛል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሽሮፑን በደንብ በጥብጡና 10 ሚሊ ሊትር በመስታወት ብልቃጥ ውሰዱ። ስታነስ ክሎራይዱን በዕለቱ አሟሙታችሁ በጣም ጥቂት ጨምሩ፤ ያደረ ከሆነ አየር ስለሚያበላሸው አይሠራም። ፐርቴክኔቴቱን በትንሽ መጠን፣ ከግማሽ ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ፣ ጨምሩና 20 ደቂቃ ያህል በቀስታ አማስሉ። በሴንትሪፉጅ አዙራችሁ ላይኛውን ፈሳሽ ድፉ፤ የተረፈው ነፃ ቴክኒሺየም እዚያ ነው ያለው። ዝቃጩን ምልክት በሌለው የዚያው ሽሮፕ ፈሳሽ መልሳችሁ በጥብጡ።

የሰልፈር ኮሎይድ ኪት (ቴክኒሺየሙን በደቃቅ የሰልፈር ቅንጣቶች የሚይዝ) ለመጠቀም ካሰባችሁ አንድ የአካባቢያችን ነገር አስታውሱ። ኪቱ በፈላ ውኃ ውስጥ ለደቂቃዎች እንዲቆይ ያዛል፤ መመሪያው የተጻፈው ደግሞ ውኃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት አገር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያም ያንሳል። በደረቅ የማሞቂያ ብሎክ ሥሩ፤ ከዚያ የተያዘውን መጠን በወረቀት ክሮማቶግራፊ አረጋግጡ። በአሴቶን ወደ ላይ የሚወጣው ነፃ ፐርቴክኔቴት ነው።

አሁን ፈተናው። 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ37 ዲግሪ አሙቁ፣ ምልክት የተደረገበትን ሽሮፕ ጨምሩና እያማሰላችሁ በ15፣ በ30፣ በ60 እና በ120 ደቂቃ ናሙና ውሰዱ። እያንዳንዱን አዙራችሁ ዝቃጩንና ፈሳሹን ለየብቻ ቁጠሩ። መድኃኒቱ አሲዱን ካረከሰ በኋላ የሚፈጠረውን ሁኔታ ለማየት ይህንኑ በፒኤች 3 እና 4 ድገሙት። እኔ ከ95 በመቶ በታች ከተያዘ ወደ ሰው አልሄድም።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ብዙ ተማሪ የሚዘለው ቀጣዩን ነው፦ በዚያው ዝቃጭና ፈሳሽ ውስጥ ያለውን አልሙኒየምም በኢዲቲኤ (ብረቶችን በሚይዝ ኬሚካል) ለኩ። አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ሥራውን ሲሠራ ይሟሟላ! ቴክኒሺየሙ ዝቃጩ ላይ ቀርቶ አልሙኒየሙ ፈሳሹ ውስጥ ከተገኘ፣ መከታተያው ከጉዞ ጓዱ ተለይቷል ማለት ነው። ያኔ ጥናታችሁ ሊናገር የሚችለው "ያልሟሟው ክፍል የት አለ" የሚለውን ብቻ ነው፤ ርእሱም እንደዚያው መጻፍ አለበት። ለካልሲየም ካርቦኔት ይህ የባሰ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ስለሚሟሟ ቅንጣቱን መከተል ትርጉም ያጣል። ፈሳሹን ብቻ ለመከተል ቴክኒሺየም-ዲቲፒኤ (በውኃ የሚሟሟ የቴክኒሺየም ውሕድ) ጥሩ ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም አይገባም።

በመጨረሻም ማጣበቁ መድኃኒቱን እንዳላበላሸው አረጋግጡ። ምልክት ያለበትንና የሌለበትን እኩል መጠን በአሲድ ለ15 ደቂቃ አማስላችሁ፣ የተረፈውን አሲድ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እስከ ፒኤች 3.5 መልሳችሁ ለኩ። ሁለቱ የሚያረክሱት አሲድ ካልተቀራረበ፣ የምታጠኑት ሌላ መድኃኒት ሆኗል።

ሰዎቹ

ፈቃደኛው ሁሉ ለራሱ ማነጻጸሪያ ይሁን፦ አንድ ቀን በባዶ ሆድ፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ምግብ በልቶ። የትኛው እንደሚቀድም በዕጣ ይወሰን። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትግባ። ሜቶክሎፕራማይድ፣ ኢሪትሮማይሲን፣ ሃዮሲን ወይም እንደ ሞርፊን ያለ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ከሦስት ቀን በፊት ሐኪሙን አማክሮ ካላቆመ አይመረጥ። ትምባሆም በዕለቱ አይጨስ።

ጫትን በግልጽ ጠይቁ። ባሕር ዳር ዙሪያ ጫት አብቃይ አገር ነው፤ ጫት የጨጓራን መውጣት እንደሚያዘገይም በጥናት ታይቷል። "ትቅማለህ?" ብላችሁ በሰው ፊት ከጠየቃችሁ ግን እውነቱን አታገኙም። ለብቻ፣ "በዚህ ሦስት ቀን ውስጥ ቅመህ ታውቃለህ?" በሉት።

ጾምንም ከቀን መቁጠሪያችሁ ጋር አስማሙ። ምግቡ ራሱ ምልክት እንዲደረግበት ካስፈለገ የሚመረጠው የዕንቁላል ነጭ ነው፤ ኮሎይዱ ዕንቁላሉ ሲበስል አብሮ ይረጋል፣ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የባለሙያዎች ስምምነት የጸናው በዚህ ላይ ነው፦ የዕንቁላል ነጭ፣ ሁለት ቁራጭ ዳቦ፣ ማርማላታና ውኃ ይሰጣል፣ ከዚያ በ0፣ 1፣ 2 እና 4 ሰዓት ፎቶ ይነሣል፤ በአራተኛው ሰዓት ጨጓራ ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ከቀረ ዘግይቷል ይባላል። ረቡዕ፣ ዓርብና በዐቢይ ጾም ግን ዕንቁላል የሚበላላችሁ ሰው አታገኙም፤ መለመንም ነውር ነው። ምልክቱ መድኃኒቱ ላይ ብቻ ከሆነ ምግቡ ምንም ሊሆን ይችላል፤ እኔ እንጀራ በሽሮ እመርጣለሁ። እንጀራውም ሽሮውም በሚዛን ይለካ፤ ለሁሉም እኩል ይሁን።

ስለ ጨረራው ስትናገሩ በቁጥርም በሰው ቋንቋም ተናገሩ። 10 ሜጋ ቤኬሬል በአፍ ሲሰጥ ሰውነት የሚያገኘው 0.2 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ ሰው ከምድርና ከሰማይ በአንድ ወር ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል። አንድ ጊዜ ፎርሙን ለአንዲት እናት እያነበብኩ ሳለ አቋረጡኝ።

"ልጄ፣ ይኼ ነገር ሆዴ ውስጥ ይቀራል እንዴ?"

"አይቀርም እማማ። ኃይሉ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የቀረውም ከሰገራ ጋር ይወጣል። ከነገ ወዲያ ብንለካዎት የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው።"

"እንግዲያማ ልጠጣው። ጨጓራዬን ግን ምን እንዳየህበት ትነግረኛለህ።"

እሳቸው የጠየቁት መብታቸው ነው። ውጤቱን ለእያንዳንዱ ፈቃደኛ በቃል የምትናገሩበትን ቀን ከፕሮቶኮሉ ውስጥ አስገቡ።

የምርመራው ጠዋት

ፈቃደኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ምንም ሳይቀምስ፣ ቡናም ሳይጠጣ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ይምጣ። ብልቃጡን በዶዝ ካሊብሬተር (በጨረራ መጠን መለኪያው) ለኩ፤ ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ጻፉ። የቀኝ ጎኑ የመጨረሻ አጥንት ላይ ትንሽ የጨረራ ነጥብ ለጥፉ፤ ሰውየው ቆሞ ሲቀመጥ ፎቶዎቹን አንድ ላይ የምታስተካክሉት በእሱ ነው። የካሜራውን የኃይል መስኮት 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ በ20 በመቶ ስፋት ክፈቱ።

ሽሮፑን ከመስጠታችሁ በፊት በጥብጡት። ቅንጣቱ ከሥር ከዘቀጠ የመጨረሻው ጠጪ ከሁሉም የበለጠ ጨረራ ይወስዳል። በአንድ ትንፋሽ ይጠጣው፣ ወዲያው 50 ሚሊ ሊትር ውኃ ይከተል፤ ካልሆነ አፍና የምግብ ቱቦ ላይ የተጣበቀው ሽሮፕ በኋላ እየወረደ ኩርባውን ያጎብጠዋል። ብርጭቆውን አትጣሉት፤ የቀረበትን ቁጠሩ።

ከዚያ በየ5 ደቂቃው ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ ቀጥሎ በየ10 ደቂቃው፣ አንድ አንድ ደቂቃ ከፊትና ከኋላ አንሡ። ባዶ ሆድ ላይ ለሁለት ሰዓት፣ ምግብ ላይ ለአራት ሰዓት። ለአልጂኔት ሰውየው ይቁም ወይም ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ከተኛ ታንኳው ይገለበጣል። ምግቡንም በኢንዲየም-111 (በሌላ ጨረራ አውጪ) ምልክት ካደረጋችሁ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መከተል ይቻላል። የኢንዲየሙ ጨረር ግን (171 እና 245 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት) ወደ ቴክኒሺየሙ መስኮት ይፈስሳል፣ የጨረራ መጠኑንም ከፍ ያደርጋል። ኢንዲየሙን ትንሽ፣ ቴክኒሺየሙን በርከት አድርጉ፤ የፈሰሰውን ኢንዲየም ብቻ ባለበት ናሙና ለክታችሁ ቀንሱ።

በመጨረሻ የአንገት ፎቶ። አንድ ደቂቃ።

የአሲዱን ነገር ለማወቅ የፈለገ ደግሞ በአፍንጫ የሚገባ የፒኤች መለኪያ ይጨምር። ፎቶው መድኃኒቱ የት እንዳለ ይናገራል እንጂ አሲዱ መርከስ አለመርከሱን አይናገርም።

ስሌቱ

ጨጓራው የላይኛው ክፍሉ ወደ ጀርባ፣ የታችኛው ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። መድኃኒቱ ወደ ታች ሲሄድ ወደ ፊት ካሜራም ይቀርባል፤ ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል። ስለዚህ የፊትና የኋላውን ቆጠራ አባዝታችሁ ካሬ ሥሩን ውሰዱ። ከዚያ በፊት ምልክት ከሌለበት ቦታ የሚመዘገበውን ቆጠራ ቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ ጊዜው ያጠፋውን ጨረራ መልሱ፦ ለ30 ደቂቃ በ1.06፣ ለ60 በ1.12፣ ለ120 በ1.26፣ ለ240 በ1.59 አባዙ።

ለምሳሌ ያህል የልምምድ ቁጥር ልስጥ። መጀመሪያ ላይ ፊት 38,000፣ ኋላ 34,000 ተቆጠረ እንበል፤ ካሬ ሥሩ 35,944 ነው። በ60ኛው ደቂቃ ፊት 18,000፣ ኋላ 11,000፤ ካሬ ሥሩ 14,071፣ በ1.122 ሲባዛ 15,790 ገደማ። ጨጓራ ውስጥ የቀረው 44 በመቶ ነው። የፊቱን ብቻ የተጠቀመ 53 በመቶ ይላል። የጊዜውን ማስተካከያ የረሳ ደግሞ 39 በመቶ ይላል። አንድ ሰው፣ አንድ ጠዋት፣ ሦስት መልስ። ግማሹ የወጣበትን ደቂቃ ከሙሉ ኩርባው ጋር አቅርቡት።

የጨጓራውን ክልል ስትስሉ ትንሹ አንጀት ከበታቹ ሲሞላ ይደራረባል። ሁለት ሰው ለየብቻ ይሳል፤ ማን ባዶ ሆዱን፣ ማን በልቶ እንደነበር ሁለቱም አይወቁ።

የተረፈው

ጓንቱ፣ ብርጭቆው፣ ወረቀቱ ሁሉ በእርሳስ በተሸፈነ ባልዲ ይግባ፤ ላዩ ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፍበት። አሥር ግማሽ ዕድሜ 60 ሰዓት ነው፤ ጨረራው ያኔ ወደ አንድ ሺኛ ገደማ ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት የሞላውን ሐሙስ ጠዋት ክፈቱ፣ በቆጣሪ ለኩት፣ ከክፍሉ ከራሱ ቆጠራ ካልበለጠ የጨረራ ምልክት ያለበትን ወረቀት ገንጥላችሁ ከተራው የሆስፒታል ቆሻሻ ጋር ላኩት። ከበለጠ ክዳኑን መልሱና ዓርብ ድገሙት።